ሦስት ቅጠል ያለው ሁሉ ማገጥ አይደለም፦ የበሬ ጨውን እንዴት እንለያለን?

ክረምት ሲገባ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ትንሽ ተክል የማይታይበት ቦታ የለም። አጥር ሥር አለ፣ ጓሮ አለ፣ ጫካ ዳር አለ። አብዛኛው ሰው ሁሉንም ማገጥ ብሎ ያልፋል። ከመካከላቸው አንዱ ግን ማገጥም አይደለም፣ የማገጥ ዘመድም አይደለም። እረኛ ልጆች እየቀነጠሱ የሚያኝኩት፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ኮምጠጥ የሚለው ነው። የበሬ ጨው የሚሉት አሉ፤ ስሙ እንደየአካባቢው ይለያያል። የእጽዋት ባለሙያዎች ወገኑን በሙሉ ኦክሳሊስ ይሉታል፤ በዓለም ላይ ከ500 በላይ ዓይነት አለው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ነጭ አበባው ላይ ቀጫጭን ሐምራዊ መስመር ያለበት የሚያምር ተክል ሊመጣላችሁ ይችላል። እሱ የአውሮፓና የእስያ ቀዝቃዛ ጫካ ተክል ነው። እኛ ጋ የለም። ወፍ ዋሻ ደን ገብታችሁ ስትዞሩ ብትውሉም አታገኙትም፤ የኛዎቹ አበባቸው ወይ ቢጫ ነው ወይ ሮዝ።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። ቀልድ አይደለም። አበባው የሚከፈተው ፀሐይ ሲኖር ነው፤ ሲደምንና ሲመሽ ይዘጋል። ስለዚህ ረፋድ ላይ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ጉሙ ከገለጠ በኋላ ውጡ። አንኮበርና ጣርማ በር አካባቢ ከሆናችሁ ጉሙ መቼ እንደሚገልጥ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይገልጥም። የት እንፈልግ ካላችሁ፣ እርጥበት ያለበት ጥላ ቦታ፣ የእግር መንገድ ዳር፣ የድንጋይ ካብ ሥር፣ የጓሮ አትክልት መደብ መሀል። ጥብቅ ደን ውስጥ ከሆናችሁ አትንቀሉ፤ ፎቶ ይበቃል።

ከዚያ ጎንበስ በሉና ቅጠሉን እዩ። ቅጠሉን መቁጠር ምንም አይጠቅምም፣ ማገጥም ሦስት ነው። መታየት ያለበት የእያንዳንዷ ቅጠል ጫፍ ነው። የበሬ ጨው ቅጠል የልብ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ መሀል ላይ ገባ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ ሹሉ በኩል ደግሞ ከአገዳው ጋር ይገናኛል። በየቅጠሏ መሀል አንድ የመታጠፊያ መስመር አለ። ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ የለውም። የማገጥ ቅጠል ግን ሞላላ ወይም እንቁላል መሳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ደቃቅ ጥርስ ይኖረዋል፣ አንዳንዱም ላይ ነጣ ያለ ምልክት ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰውን የሚያታልል ሌላ ተክል አለ። ቢጫ ደቃቅ አበባ ያለው፣ መሬት ላይ የሚሳብ፣ ቅጠሉም ወደ ልብ ቅርጽ የሚጠጋ፣ ፍሬው ደግሞ ተጠቅልሎ እሾህ የሚያወጣና የበግ ጠጉር ውስጥ ገብቶ አልወጣ የሚል። መንዝ ውስጥ በግ ያረባ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ከበሬ ጨው የምትለዩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሱ ቅጠል ጫፍ ላይ ጥርስ አለው። ሁለተኛ፣ የመሀለኛዋ ቅጠል ከሁለቱ ለየት ብላ በራሷ አጭር እግር ላይ ትቆማለች። የበሬ ጨው ሦስቱም ቅጠሎች የሚገናኙት አንድ ነጥብ ላይ ነው። ይቺን ካወቃችሁ አበባ ሳይኖርም መለየት ትችላላችሁ።

ማታ ተመልሳችሁ ብታዩት ደግሞ ቅጠሎቹ መሀላቸው ላይ ታጥፈው ወደ ታች ተንጠልጥለው ታገኟቸዋላችሁ። ማገጥም ማታ ቅጠሉን ይሰበስባል፤ ግን ወደ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ከምልክቶቹ ሁሉ ይሄ ያስደስተኛል። የእጅ ባትሪ ይዞ ጓሮ መውጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አበባ ካለ ነገሩ ያልቃል። የበሬ ጨው አበባ አምስት የተነጣጠሉ እኩል የአበባ ቅጠሎች አሉት፣ ሲከፈት ክብ ሆኖ ይታያል። አጉሊ መነጽር ካላችሁ መሀሉ ላይ ብናኝ የያዙ አሥር ቀጫጭን ክሮች ትቆጥራላችሁ። ማገጥ እንዲህ አይደለም። የማገጥ አንዱ "አበባ" የምንለው ብዙ ደቃቅ አበባዎች አንድ ላይ ተጠጋግተው የሠሩት ጉብታ ነው፤ እያንዳንዷን ነጥላችሁ ብታዩ የአተር አበባ ዓይነት ናት፣ ምክንያቱም ማገጥ የእነ አተርና ባቄላ ቤተሰብ ነው።

ፍሬውን ደግሞ እንይ። ቢጫው ዓይነት አበባው ሲረግፍ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ አምስት ጠርዝ ያላት፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ፍሬ ያወጣል። ትንሽዬ ባሚያ ነው የምትመስለው። ስትበስል በጣታችሁ ነካ አድርጓት። ተስፈንጥራ ዘሯን ትረጫለች። ፍሬዋ ስለፈነዳች ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ዘር የሸፈነው ስስ ልባስ ድንገት ሲገለበጥ ነው ዘሩን የሚወረውረው። ከአንድ ሜትር በላይ ሊርቅ ይችላል። ከድንጋይ ካብ ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅለው እንዴት ነው ላላችሁ፣ አንዱ መልስ ይሄው ነው።

የበሬ ጨው መሆኑን ካረጋገጣችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ብዙ አይከብድም። ግንዱ መሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰድ ከሆነና አበባው ቢጫ ከሆነ፣ ኦክሳሊስ ኮርኒኩላታ ነው። ቅጠሉ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ወደ ቡናማ ቀይ ያደላል፤ ቀለሙ አያሳስታችሁ። ከመሬት በላይ ግንድ ሳይኖረው ቅጠሉ ቀጥታ ከአፈር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አበባውን እዩ። በአንድ አገዳ ላይ ብዙ ሮዝ አበባ ተሰብስቦ ካለና ቅጠሉ ጫፉ ላይ በጣም ሰፋ ብሎ ወደ ሦስት ማዕዘን የሚሄድ ከሆነ፣ ኦክሳሊስ ላቲፎሊያ ነው፣ ከላቲን አሜሪካ የመጣ አረም። በአንድ አገዳ አንድ ሮዝ አበባ ብቻ ኖሮ መሀሉ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ኦክሳሊስ ኦብሊኪፎሊያ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሣር ውስጥ የሚገኝ የራሳችን ተክል ነው።

ቅምሻ የመጨረሻ ነው። በቅጠሉም በአበባውም ሳታረጋግጡ አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ። መኪና መንገድ ዳር ያለውን፣ ፀረ አረም የተረጨበትን፣ ውሻ የሚመላለስበትን ተዉት። ካረጋገጣችሁ በኋላ አንድ ሁለት ቅጠል አጥባችሁ ማኘክ ችግር የለውም። ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ከኦክሳሊክ አሲድ ነው። ይሄ አሲድ ሰውነት ውስጥ ካልሲየምን ይይዛል፣ ስለዚህ እንደ ጎመን ድስት ሙሉ ቀቅሎ የሚበላ ነገር አይደለም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ጭራሽ ባይቀምሰው ይሻላል። በግም ሌላ ሣር አጥቶ በብዛት ከበላው ይታመማል።

ጓሯችሁ ውስጥ ያገኛችሁት ሮዙ አረም ከሆነ አያያዙ ይለያል። ሥሩ የሽንኩርት ዓይነት ነው፤ ዙሪያውን ብዙ ደቃቅ ልጆች ያወጣል። ቅጠሉን ይዛችሁ ብትስቡ ቅጠሉ ብቻ ይመጣል፣ በዶማ ብትቆፍሩት ደግሞ ልጆቹን በየመደቡ ትበትኗቸዋላችሁ። አፈሩ ረጠብ ሲል ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ልቀሙ። ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ግን አትጣሉት፤ አድርቃችሁ አቃጥሉት። በቆሎ የምታመርቱ ከሆነ ደግሞ ቢጫውንም ማሳ ዳር አትተዉት፣ የበቆሎን ዋግ የሚያመጣው ፈንገስ የሕይወቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በዚሁ ተክል ላይ ነው።