ውጥረትን ከትከሻ ጀምሮ ማላላት

«ኧረ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰቅሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ይገኛል። የዕለት ተዕለት ውጥረትን ቶሎ ለመያዝ ሐሳብን ከመመርመር ይልቅ ሰውነትን መፈተሽ ይቀላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከምሳ በፊትና ከሥራ ሲወጡ ጥርስዎን፣ ትከሻዎንና ሆድዎን ልብ ይበሉ። አፍ ሲያርፍ ከንፈር ቢገጥምም የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መነካካት የለበትም። ማታ ማታ ግንባርን የሚያስር ራስ ምታት፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ የወር ወጪ ማስላትም ከውጥረት ምልክቶች ይመደባሉ። «ጨጓራዬ ተነሳ» የሚባለውን ግን ሁሉ በጭንቀት አያሳቡ፤ ሄሊኮባክተር የተባለው ባክቴሪያም ያመጣዋልና ከተደጋገመ ይመርመሩ።

ሰውነትዎን ተወጥሮ ካገኙት መጀመሪያ ትንፋሽ። ተቀምጠው አንድ እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ። ማስወጫው የሚረዝመው አየር ሲወጣ የልብ ምት ስለሚቀንስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በደንብ ተንፍስ» ሲባል ደረቱን ሞልቶ ቶሎ ቶሎ ሲስብ ነው። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፤ ሰውየውም «ባሰብኝ» ብሎ የባሰ ይደነግጣል። እንዲህ ከሆነ አየሩን ያሳንሱ፤ 3 አስገብቶ 4 ማስወጣትም ይበቃል።

ቀጥሎ ትከሻዎን ለ5 ሰከንድ ወደ ጆሮዎ ሽቅብ ይሳቡና በአንዴ ይልቀቁት። 15 ሰከንድ ቆይተው ይድገሙ፤ 3 ጊዜ። አንገቱን የሚያመው ሰው ይህን ይዝለለው።

ቡና ላይ ትንሽ እንቆይ። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ምሽት 12 ሰዓት የተጠጣ አቦል መኝታ ላይም አብሮ አለ። ከጎረቤት ጋር መቀመጡ ራሱ ጭንቀት ያቀላልና ቡናውን ይተዉ አንልም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን። ማታ ከተጠሩ በረካው ይሻላል፣ ቀጭን ነው። በአንድ ጊዜ ማቆም ለቀናት ራስ ያሳምማል፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። ቢራና አረቄ ቶሎ ቢያስተኙም ሌሊቱ ሲጋመስ እንቅልፉን ይቆራርጡታል።

አልጋ ላይ የሚመጣን ሐሳብ ቀድመው ይቅደሙት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ ወረቀት ይዘው የሚያስጨንቅዎትን ይጻፉ፣ ከጎኑም ነገ የሚደረገውን አንድ እርምጃ። «የቤት ኪራይ» ብቻ ብሎ መጻፍ ጭንቀቱን ከማገላበጥ አይለይም፤ «ጠዋት 3 ሰዓት አከራዩን አናግሬ የ10 ቀን ጊዜ እጠይቃለሁ» ይበሉ።

ደረት የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድና ላብ የሚያመጣ ሕመም ካለ ትንፋሽ እየቆጠሩ አይቆዩ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሥራና እንቅልፍ ከነሳ ጤና ጣቢያ ይታዩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ብቻዎን ሳይሆን ሰው ይዘው።