ስታውት ቢራ ቤት ውስጥ ከኪት እንዴት ይጠመቃል

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ስታውት ሚባለውን ጥቁር ቢራ መጥመቅ አይከብደውም፣ ብቅል አለ፣ እርሾ አለ፣ መጠበቅ አለ፣ ያው ነው። ልዩነቱ እዚህ እንግሊዝ ገብሱን አብቅሎ ፈጭቶ፣ በጌሾ ፈንታ ሆፕስ ጨምሮ ቀቅሎ፣ እንደ ማር እስኪወፍር ውሃውን አትንኖ በቆርቆሮ አሽጎ ሚሸጥላችሁ ፋብሪካ መኖሩ ነው፣ የቢራ ኪት ሚባለው እሱ ነው። እኔ ለንደን ብርዱ ሲጀምር ሁሌ እጠምቃለሁ፣ ለበአልም ለእንግዳም ይሆናል፣ ጓደኞቼ እንዴት እንደሚሰራ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ቆርቆሮው ላይ መመሪያ አለ አይደል ወይ ትሉ ይሆናል፣ አለ፣ ግን በጣም አጭር ነው ደሞ ያስቸኩላል፣ ቤት ውስጥ የተጠመቀ ቢራ ሚበላሸው ደግሞ በአብዛኛው በችኮላ ነው።

ስታውትን ያጠቆረው ምንድነው ለምትሉ፣ የተቆላ ገብስ ነው። ያልበቀለ ገብስ ቡና እስኪመስል ድረስ ይቆላና ከብቅሉ ጋር ይገባል፣ እናቶቻችን ለጠላ አሻሮ እንደሚቆሉት ማለት ነው፣ እዚህኞቹ ግን ሊያር ምንም እስካይቀረው ድረስ ነው ሚገፉት፣ ለዛ ነው ቡናና ቸኮሌት ሚመስል ምሬት ሚኖረው። የሀረሩን ሐኪም ስታውት የቀመሰ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል። ቢራው ራሱ የዚህ የለንደን ልጅ ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ፖርተር ሚባል ጥቁር ቢራ ነበር፣ ስሙም ሸክም ከሚሸከሙት ወዛደሮች የመጣ ነው፣ ከሱ ጠንከር ያለውን ስታውት ፖርተር ይሉት ነበር ከዛ ስታውት ብቻ ሆኖ ቀረ። በአየርላንድ ዝነኛ የሆነው በኋላ ነው።

ህጉን በአጭሩ፣ እንግሊዝ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1963 ጀምሮ ለራስ ለመጠጣት ቤት ውስጥ ቢራ ለመጥመቅ ፈቃድ አያስፈልግም፣ መሸጥ ግን አይቻልም። ሳኡዲና ኩዌት ያላችሁ እህት ወንድሞቼ ግን ይሄንን እንዳትሞክሩት፣ እዛ አልኮል በህግ የተከለከለ ነው፣ ለአንድ ባልዲ ቢራ ተብሎ እስርና ከሀገር መባረር አይገባም።

የምትገዙትን ልንገራችሁ። ከ25 እስከ 30 ሊትር ሚይዝ ለምግብ የተሰራ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ባልዲ ሁለት (ሁለተኛው ጠርሙስ ስትሞሉ ነው ሚያስፈልገው)፣ ክዳኑ ላይ ሚሰካ ኤርሎክ (ጋዙን ያስወጣል አየር አያስገባም)፣ ሃይድሮሜትር ከነረጅም ብርጭቆው (ቢራው ውስጥ ያለውን ስኳር ሚለካ)፣ ቴርሞሜትር፣ ረጅም ፕላስቲክ ማማሰያ፣ ቢራውን መቅጃ ቱቦ፣ ቆርኪ መምቻና ቆርኪ። ጠርሙስ አትግዙ፣ የጠጣችሁትን የቢራ ጠርሙስ ሰብስቡ፣ ቡናማውን ብቻ፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ብርሃን ያስገባል፣ ብርሃን ደግሞ ሆፕሱን ነክቶ ቢራውን ያገማዋል። በጥምዝዝ ሚዘጋ ጠርሙስ ቆርኪ በደንብ አይዝለትም እሱንም ተዉት። እቃው አንዴ ከተገዛ አመታት ያገለግላል፣ በየጊዜው ምትገዙት ኪቱን ብቻ ነው።

ኪቱ ላይ እኔ ምጠቀመው የአውስትራሊያውን ኩፐርስ ስታውት ነው፣ 1.7 ኪሎ ቆርቆሮ። የኪት መመሪያ በብዛት 1 ኪሎ ስኳር ጨምራችሁ 23 ሊትር አድርጉት ይላችኋል፣ ይሄንን አልቀበልም። ስኳር እርሾው ሙልጭ አርጎ ነው ሚበላው፣ አልኮል ይሰጣችኋል ግን ወፈር ሚል ነገር አይተውም፣ ቢራው ቀጭን ውሃ ውሃ ሚል ይሆናል፣ ስታውት ደግሞ አፍ ሲሞላ ነው ሚያምረው። ስለዚህ በስኳሩ ምትክ 1 ኪሎ ጥቁር ስፕሬይ ማልት ግዙ (የደረቀ የብቅል ዱቄት ነው)፣ 250 ግራም ቡናማ ስኳር ጨምሩበት፣ ውሃውን 20 ሊትር ላይ አቁሙት። እርሾም ቢሆን ክዳኑ ስር ያለው ትንሿ ፓኬት ትሰራለች፣ ግን ቆርቆሮው ሱቅ ውስጥ ስንት ወር ሙቀት ላይ እንደቆየ ስለማይታወቅ እኔ ሳፍኤል ኤስ-04 ሚባለውን 11.5 ግራም ፓኬት ለብቻው እገዛለሁ፣ የእንግሊዝ ኤል እርሾ ነው፣ አተላውን ባልዲው ስር እንደ ሊጥ አጣብቆ ያስቀምጥላችኋል።

አሁን ዋናው ነገር ንጽህና ነው፣ እዚህ ላይ ቸል እንዳትሉ እለምናችኋለሁ። እናቶቻችን ጋኑን መጀመሪያ በግራዋ ፈትገው ያጥቡታል ከዛ በወይራ ያጥኑታል፣ ሁለት የተለያየ ስራ ነው፣ አንዱ በአይን ሚታየውን ቆሻሻ ያነሳል ሌላው ማይታየውን ያዳክማል። እዚህም እንደዛው ሁለቴ ነው። መጀመሪያ ባልዲውን፣ ክዳኑን፣ ማማሰያውን፣ ሁሉንም ሽታ በሌለው ሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ እጠቡ፣ ሻካራ ነገር ፕላስቲኩን ከጫረው ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይደበቃል። ከዛ ስታር ሳን ሚባለውን ጀርም ማጥፊያ በ1 ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊ ሊትር በጥብጣችሁ ሁሉንም ነገር አርጥቡበት፣ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፣ ድፉት፣ በውሃ አታለቅልቁት፣ የቀረው አረፋ ቢራውንም እናንተንም አይጎዳም። የእርሾውን ፓኬትና ምትቆርጡበትን መቀስ ሳይቀር ንከሩት።

ውሃው ከቧንቧ ይሆናል። የለንደን ውሃ ኬትል ውስጥ ነጭ ነገር ሚጋግረው ኖራ አለው፣ ድሮ ከጥሬው ብቅል ለሚጠምቁት ይሄ ለጥቁር ቢራ በጣም ይስማማቸው ነበር፣ ምክንያቱም የተቆላው ገብስ አሲድ አለው ኖራው ያመጣጥነዋል፣ ኪት ላይ ግን ብቅሉ ፋብሪካ ውስጥ ስላለቀ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ለውጥ ያለው ክሎሪኑ ነው፣ ከእርሾው ጋር ሲገናኝ የሆስፒታል መድሃኒት ሚመስል ጣእም ያመጣል፣ ካምደን ታብሌት ሚባለውን የጠማቂዎች ኪኒን ግማሹን ጨፍልቃችሁ 20 ሊትሩ ውስጥ ብትጨምሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል።

ወደ ጠመቃው እንግባ። ቆርቆሮውን ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ካልሆነ ሽሮፑ ከመወፈሩ የተነሳ አይወርድላችሁም። በጎን ትልቅ ድስት ላይ 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉና ስፕሬይ ማልቱን ሳይሞቅ በፊት አማስሉበት፣ እንፋሎት ካገኘው እንደ ድንጋይ ይጓጉላል። ቡናማ ስኳሩን ጨምራችሁ እስኪፈላ ጠብቁ፣ ከድስቱ አጠገብ እንዳትሄዱ፣ መጀመሪያ ሲፈላ በአንድ ጊዜ ነው ገንፍሎ ምድጃውን ሚያለብሰው። 5 ደቂቃ ከፈላ እሳቱን አጥፉና የቆርቆሮውን ሽሮፕ ገልብጡበት፣ ቆርቆሮውን በትንሽ ሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ የቀረውንም ጨምሩ፣ በደንብ አማስሉ፣ ከዛ ባልዲው ውስጥ ድፉት።

ቀጥሎ ቀዝቃዛውን ውሃ ከከፍታ እያፈሰሳችሁ 20 ሊትር ሙሉት። ከከፍታ ያልኩት አረፋ እንዲያነሳና አየር እንዲገባው ነው፣ እርሾው ሲጀምር ለመራባት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ አየር ሚያስፈልገው ግን አሁን ብቻ ነው፣ ከዚህ በኋላ አየር ጠላቱ ነው። ሙቀቱን ለኩት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ካለ ጥሩ፣ ከ25 በላይ ከሆነ ክዳኑን ዘግታችሁ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ሙቅ ላይ እርሾ ምትጨምሩ ከሆነ ወይ ይሞታል ወይ ራስ ሚያሳምም ኃይለኛ ሽታ ይዞ ይመጣል።

እርሾውን ከመጨመራችሁ በፊት ትንሽ ቀድታችሁ ሃይድሮሜትሩን ክተቱበት። ንጹህ ውሃ ላይ 1.000 ነው ሚያሳየው፣ ስኳር ሲኖር ከፍ ይላል፣ እኔ ከላይ ባልኳችሁ ልክ 1.048 አካባቢ ይመጣል። ጻፉት፣ ባልዲው ላይ በማርከር ቢሆን ይሻላል ወረቀት ይጠፋል። ከዛ እርሾውን ላዩ ላይ በትኑት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ኤርሎኩ ላይ ውሃ አድርጉና ፀሀይ ማያገኘው ቦታ አስቀምጡት።

ለባልዲው ምቹ ሚሆነው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። እዚህ ሀገር ማታ ሂተሩ ሲጠፋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ እርሾው ከቀዘቀዘ ይተኛል፣ ስለዚህ እኔ ባልዲውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፣ በጣም ሲብስ ለጠማቂዎች ሚሸጥ በኤሌክትሪክ ሚሞቅ ቀበቶ አለ እሱን አስራለሁ። በ24 ሰአት ውስጥ ወፍራም ቡናማ አረፋ ያነሳል፣ ኤርሎኩ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ቡልቅ ካላለ ወዲያው አትደንግጡ፣ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በጎን ይወጣል፣ አረፋውን በባልዲው ጎን እዩ። በምንም አይነት በየቀኑ እየከፈታችሁ አትዩት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት ተዉት። መመሪያው ከ4 እስከ 7 ቀን ሊላችሁ ይችላል፣ እኔ መጀመሪያ ጊዜ እሱን አምኜ፣ ቡልቅታውም ስለቆመ በ6ኛው ቀን ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁት። ገና አልጨረሰም ነበር። ከሶስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ቁምሳጥን ውስጥ ሶስት ጠርሙስ ፈነዳ፣ ስብርባሪው የቁምሳጥኑ እንጨት ላይ ተሰክቶ ነው ያገኘሁት፣ ሰው በሩን ከፍቶ ቆሞ ቢሆን ብዬ ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። ስለዚህ ኤርሎክን አትመኑ፣ ምታምኑት ሃይድሮሜትሩን ነው። በ12ኛው ቀን ለኩ፣ በ14ኛው ወይ በ15ኛው ቀን ድገሙ፣ ሁለቱም አንድ አይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለቴም 1.013 ካለ፣ አልቋል። ቁጥሩ ገና እየወረደ ከሆነ ጠብቁ። ከ1.020 አልወርድ ካለ ደግሞ ባልዲውን ወደ 21 ዲግሪ አሙቁትና ሳይንቦጫረቅ ቀስ ብላችሁ ወዝወዝ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ እርሾው ይነቃል። አልኮሉን ለማወቅ ከመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻውን ቀንሳችሁ በ131.25 አባዙት፣ 1.048 ሲቀነስ 1.013 ልዩነቱ 0.035 ነው፣ ሲባዛ ወደ 4.6 ፐርሰንት ይመጣል።

ጠርሙስ የመሙያው ቀን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ሰው ጥሩ፣ ሁለት ሆኖ ሲሰራ ደስ ይላል። ጠርሙሶቹን፣ ቆርኪዎቹን፣ ቱቦውን እንደገና በስታር ሳን ንከሩ። 100 ግራም ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሉና ሁለተኛ ንጹህ ባልዲ ውስጥ ድፉት፣ ቢራውን በቱቦ ቀስ እያላችሁ ሳይረጭ እላዩ ላይ አውርዱት፣ አተላው እዛው ይቅር። ይቺ ስኳር ናት ጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ ምትሰራው፣ ለስታውት 5 ግራም በሊትር ይበቃል፣ ይጨምርልኝ ብላችሁ እንዳታበዙ። ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ትታችሁ ሙሉ፣ ቆርኪውን ምቱ። ከ20 ሊትር ከ36 እስከ 38 ባለ 500 ሚሊ ጠርሙስ ይወጣል።

ቡና ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም ምወደው ይሄንን ነው። ጠርሙስ ከመሙላታችሁ አንድ ቀን በፊት 100 ግራም ይርጋጨፌ ወይ ሲዳማ፣ ተቆልቶ ያልጠቆረ፣ ሻካራ አርጋችሁ ፍጩና ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ በቡና ወረቀት አጥልላችሁ ከስኳሩ ጋር ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። በቀዝቃዛ የተዘፈዘፈ ስለሆነ ጀበናው ሚያመጣው አይነት ምሬት የለውም፣ ሽታው ግን ከስታውቱ የተቆላ ገብስ ጋር ሲገናኝ የትኛው ቡናው የትኛው ገብሱ እንደሆነ አይለይም።

ጠርሙሶቹን ሁለት ሳምንት 20 ዲግሪ አካባቢ ክፍል ውስጥ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ወይ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አቁሙ፣ ጋዙ ሚሰራው በሙቀት ነው ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ይቆማል። ከዛ ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ አዙሩትና ቢያንስ ሌላ አንድ ወር ተዉት። አንዱን ቀድማችሁ መቅመስ ትችላላችሁ፣ ግን ያኔ የተቆላው ገብስ ምሬት ገና ጉሮሮ ይቧጭራል፣ በሁለተኛው ወር ይለሰልስና ሌላ መጠጥ ይሆናል። እኔ መስከረም መጨረሻ ጠምቄ ለገና ነው ምከፍተው።

ስትቀዱ ጠርሙሱን አታንቀሳቅሱት፣ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ ስር ላይ ቀጭን አተላ አለ፣ እሱ ወደ አንገቱ ሲጠጋ አቁሙ። በጣም ቀዝቃዛም አይሁን፣ ከፍሪጅ ካወጣችሁት 20 ደቂቃ አቆዩት፣ የቡናው የቸኮሌቱ ጣእም ሚመጣው ያኔ ነው። ጠርሙሱን እንደቀዳችሁ ወዲያው በውሃ አለቅልቁት፣ አተላው ከደረቀበት ለሚቀጥለው ጠመቃ አይጠዳም።