ዌብሳይት ላይ ለሚገባ ደንበኛ ሁሉ ካል ይገዛል ወይ? እኔ የፈታሁት እንዲህ ነው

የድርጅታችን ዌብሳይት የሚሰራው ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ነው፤ ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 ስታንዳርድ። ላይሰንሱ በሰርቨርና በካል (ሰርቨሩን ለሚጠቀም ለእያንዳንዱ ሰው የሚገዛ ፈቃድ) ተገዝቷል፤ 40 ካል፣ ልክ በሠራተኛው ቁጥር። ደንበኞች አካውንት ከፍተው መግባት ሲጀምሩ አለቃዬ «ለነዚህስ?» አለኝ።

የሸጠልን ሰው «ሳይቱ ዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው በአንድ ዩዘር ስለሆነ አንድ ካል ይበቃል» ብሎን ነበር። አይበቃም። ይህ ማልቲፕሌክሲንግ ይባላል፤ መሃል ላይ የፈለገው ሶፍትዌር ቢገባ የሚቆጠረው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ነው።

እኔን ያደናገረኝ ሁለቱን ላይሰንሶች አንድ አድርጌ ማየቴ ነበር። ዊንዶውስ ሰርቨር ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ዌብሳይት ካል አይጠይቅም፣ ሰውዬው በፓስዎርድ ቢገባም። ለሠራተኛ ብቻ ለተሰራ የውስጥ ገጽ ግን ይጠይቃል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም፤ ወይ በሰው ትቆጥራለህ፣ ወይ በፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ትገዛለህ፣ ቢያንስ 4 ኮር። ዋጋውን ሳሳየው አለቃዬ ዝም አለ።

የሳይቱ ዳታቤዝ 3 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ባክአፕ አድርጌ ነፃው የኤስኪውኤል ሰርቨር እትም፣ ኤክስፕረስ 2019 ላይ ሪስቶር አደረግኩት፤ ካል አይፈልግም፣ ጣሪያው በአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ነው። ከዚያ የሳይቱን ኮኔክሽን ስትሪንግ (የትኛው ዳታቤዝ ጋር እንደሚገናኝ የሚነግረውን መስመር) ቀየርኩ፣ አለቀ። ኤክስፕረስ ኤጀንት (ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምረው ክፍል) ስለሌለው ግን የሌሊቱ ባክአፕ ቆሞ ነበር፤ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ተካሁት።

የቢሮው የሂሳብ ዳታቤዝ ስታንዳርዱ ላይ ቀርቷል። ሁለቱ ዳታቤዞች በራሳቸው እንዲገናኙ አላደረግኩም፣ ያው ማልቲፕሌክሲንግ በጓሮ በር ተመልሶ ይመጣል።