ሬፖሳዶ ተኪላ እንደ አረቄ አይጨለጥም

ጎንደር ላይ ተኪላ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ፒያሳ ባር ቤት ጨው ተልሶ ሎሚ ተመጦ ባንዴ ግልብጥ የሚደረገውን ነው። ለርካሹ ይሁን፣ ሎሚው ጣዕሙን ለመሸፈን እኮ ነው። በርሜል ውስጥ የከረመው ሬፖሳዶ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ እጃችሁ ከገባ ግን እንደዛ ማድረግ ነውር ነው።

መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡት። 100% አጋቬ ካላለ የተጠነሰሰበት ስኳር እስከ 49% ድረስ ከሸንኮራ ምናምን የመጣ ሊሆን ስለሚችል ለመቅመስ አትድከሙ፣ ኮክቴል ስሩበት። አጋቬ ማለት ተኪላ የሚሰራበት ተክል ነው፣ የኛው ቃጫ የቅርብ ዘመድ፣ ሜክሲኮ ሃሊስኮ አካባቢ ለዓመታት ያድግና ቅጠሉ ተቆርጦ ልቡ ይበሰላል፣ ጣፋጩ የሚመጣው ከዛ ነው። ሬፖሳዶ ለመባል ቢያንስ 2 ወር በኦክ እንጨት ውስጥ መቆየት አለበት፣ 1 ዓመት ከሞላው አኜሆ ይባላል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ቦርቦን የነበረበትን በርሜል ነው የሚጠቀሙት፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ ስለሆነ ጋን በወይራ ሲታጠን ጠላው ላይ እንደሚያመጣው አይነት ነገር ይሰጠዋል።

ብርጭቆ ላይ መለኪያ ይቅር። አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ፈልጉ፣ ሁለት ጣት እንኳን አይሞላ፣ በረዶ የለም፣ 10 ደቂቃ ይቀመጥ። ቡና ተፈልቶ እጣን እየጨሰ ባለበት ቤት ግን አትሞክሩት በቃ ምንም አይሸታችሁም። ክትፎ በሚጥሚጣ በልታችሁም እንደዛው፣ ምላስ ይደነዝዛል።

ቀለሙን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ቀለል ያለ የገለባ ቀለም ደህና ነው። ጥቂት ወር ብቻ ተኝቶ እንደ ኮኛክ ከጠቆረ እኔ እጠረጥራለሁ፣ የሜክሲኮ ህግ ካራሜልና የኦክ ጭማቂ በትንሹ መጨመር ይፈቅዳላ።

ስታሸቱ አፍንጫችሁን ውስጥ አትክተቱ፣ አልኮሉ ያቃጥላችኋል። ብርጭቆውን ከአገጭ ጀምሮ ቀስ እያላችሁ አምጡት፣ አፋችሁን ትንሽ ክፈት አድርጉና ሳቡ፤ መጀመሪያ ቫኒላና ቀረፋ ይመጣል፣ እሱ የበርሜሉ ነው፣ እሱን አልፋችሁ የተጠበሰ ስኳር ድንች የመሰለውን ፈልጉት ምክንያቱም አጋቬው እሱ ነው። እሱ ጠፍቶ ቫኒላ ብቻ ከሆነ በርሜሉ በልቶታል፣ ዋጋው ምንም ይሁን ለኔ ጥሩ ተኪላ አይደለም።

የመጀመሪያዋ ፉት አፍ ማለማመጃ ናት፣ አትፍረዱባት። ሁለተኛዋን አፋችሁ ውስጥ አዙሯት፣ ዋጧትና በአፍንጫ ተንፍሱ፣ ቁንዶ በርበሬ የመሰለው ጣዕም ምላስ ጎን ላይ የሚመጣው ያኔ ነው። ካቃጠለ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩ፣ አያሳፍርም። በመሀል ውሃና ጨው የሌለው ቆሎ ይበቃል።

የተረፈውን ቡሹን ገጥማችሁ ጠርሙሱን አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ አየሩ ሽታውን ስለሚወስደው ለዓመት በዓል ብላችሁ አታቆዩት።