በየቀኑ ለሚነዳ ስፖርት ሞተር፦ ጅማ ላይ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ጓደኛዬ እጁን አሞት 1000 ሲሲ ሞተሩን ከጅሬን ወደ ከተማ እኔ አወረድኩለት። መንገዱ አጭር ነው። ፈረንጅ አራዳ ስደርስ ግን የእጅ አንጓዬ ደንዝዟል፤ የሞተሩ ሙቀት ጭኔን ለብልቦታል። ፍጥነቴ ከ40 አላለፈም። ከፊቴ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ፊት ደግሞ ቡና የጫነ አይሱዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሊገዛ ለሚያማክረኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ በ120 ሳይሆን በ30 እንዴት እንደሚሄድ እዩት።

የፈረስ ጉልበት ቆጥሮ መግዛት

ያማሃ አር 1 ሞተሩ 998 ሲሲ ነው፤ ወደ 200 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚመጣው ግን ሞተሩ በደቂቃ ከ13 ሺህ ዙር በላይ ሲዞር ነው። አንደኛ ማርሽ ብቻውን በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስዳል። እንግዲህ በጅማው መርካቶ ግርግር ውስጥ በ30 ስትሄዱ የአንደኛ ማርሽን አቅም እንኳ ሩቡን አልነካችሁም። ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን መያዝና መልቀቅ ነው። ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል፣ ግራ እጃችሁም ይዝላል።

"ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትልቁ ይሻላል" የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 68 የፈረስ ጉልበት ያለው መካከለኛ ሞተር እዚህ 56 ገደማ ይቀረዋል። ጠዋት ማታ ሰው የሚያመላልሰው ቦክሰር 150 እኮ ከፋብሪካ ሲወጣም 12 ገደማ ብቻ ነው ያለው።

600 ሲሲ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ነው። ሰው "1000 ይበዛብኛል፣ 600 ይበቃኛል" ይልና የአር 1ን ታናሽ፣ ያማሃ አር 6ን ይገዛል። ሲሲው ቀነሰ እንጂ ችግሩ አልቀነሰም።

አር 6 ሞተሩ 599 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። የተሠራው ለውድድር ሜዳ ነው። መካኒኮች ቶርክ የሚሉት የመጎተት አቅሙ ጫፍ የሚደርሰው በ10,500 ዙር ላይ ነው። ከዚያ በታች ስትነዱት ያለቅሳል እንጂ አይጎትትም። ካዋሳኪ ኒንጃ 650ን እንውሰድ። ሲሲው 649፣ ሲሊንደሩ 2 ነው። በፈረስ ጉልበት ከአር 6 በጣም ያንሳል። በመጎተት አቅም ግን አያንስም፤ ጫፍ የሚደርሰውም 6,700 ዙር አካባቢ ነው። ከመብራት ስትነሱ፣ የጅሬንን ዳገት ስትወጡ የሚያገለግላችሁ እሱ ነው።

መቀመጫውም ሌላ ነው። የአር 6 መቀመጫ ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መሪውም ዝቅ ስለሚል የሰውነታችሁ ክብደት እጃችሁ ላይ ይወድቃል። የኒንጃ 650 መቀመጫ 79 ሴንቲ ሜትር ነው። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ሁለት እግር ሙሉ በሙሉ መሬት ሲነካና በጣት ጫፍ ሲቆም ያለውን ልዩነት የወደቀ ሰው ያውቀዋል።

ነዳጁንም አትርሱ። አር 1ም አር 6ም ጥሩ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ማደያ ላይ ቤንዚን አማርጠን አንቀዳም። መካከለኛዎቹ ባለ 2 ሲሊንደሮች ተራ ቤንዚን አይከብዳቸውም።

በበጋ ገዝቶ ክረምትን መርሳት

ሞተር የሚገዛው ብዙ ጊዜ ከቡና ሽያጭ በኋላ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ አስፋልቱ በደረቀበት ወቅት። የጅማ ዝናብ ግን በመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከየመንደሩ መገንጠያ ባጃጆች በጎማቸው ይዘውት የሚወጡት ቀይ ጭቃ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። እዚያ ላይ 1000 ሲሲ ሞተር ትንሽ ነዳጅ ሲጨመርበት የኋላ ጎማው ይሸሻል። አር 1 እንኳ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ሲስተም ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ያገለገለ ሞተር ከሆነ መቆጣጠሪያው የእናንተ ቀኝ እጅ ብቻ ነው። መካከለኛም ብትገዙ ኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሲስተም) ያለውን ፈልጉ። ዋጋው ከፍ ቢልም ይገባዋል።

ጎማ የት እንደሚገኝ ሳይጠይቁ መግዛት

የአንድ ትልቅ ሞተር የኋላ ጎማ በሚስማር ሲቀደድ አጠገቡ ነበርኩ። ጎሚስታው ጎማውን በእጁ ለካ፣ ጽሑፉን በጣቱ ጠረግ አድርጎ 190/55 የሚለውን አነበበና ራሱን ነቀነቀ። ጎማው 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከረመ። የመካከለኛውም ጎማ እዚህ በየሱቁ አይገኝም፤ ነገር ግን ጠበብ ያለ ነው፣ ቶሎም አያልቅም። ከመግዛታችሁ በፊት የጎማውን፣ የካቴናውንና የፍሬን ሸራውን ዋጋ በስልክ አጣሩ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርም ሞተሩ ላይ ካለው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ።

አጋሮ መንገድ ላይ ሞክሮ መወሰን

ሻጭ ሁሌ ወደ አጋሮ መውጫ ይወስዳችኋል። መንገዱ ሲከፈት የማይጥም ሞተር የለም። እናንተ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ተማሪና ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከተማ ውስጥ ልሞክር በሉ። ሞተሩ ሞቆ የማቀዝቀዣው ፋን እስኪነሳ ድረስ ንዱት። ጠባብ መንገድ ላይ እግር ሳታወርዱ አዙሩት። ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ ግፉት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ውረዱና የሁለቱን እጆቻችሁን ጣቶች ዘርጉ። ከተንቀጠቀጡ ቁልፉን ለሻጩ መልሱለት።