ጂኦካቺንግ በወሎ፦ ዕቃ ደብቆ መፈላለግ እንዴት ይጀመራል?

ልጆች ሳለን ኩኩሉ ተጫውተናል። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል። የሚደበቁት «አልነጋም!» ብለው ይመልሳሉ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ «ነጋ!» ይባልና ፍለጋው ይጀመራል። ጂኦካቺንግ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ትንሽ ዕቃ ነው። የደበቀው ሰው የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም በካርታ ላይ ቦታውን የሚጠቁሙትን ቁጥሮች፣ ያሳውቃል። ፈላጊው ስልኩን ይዞ ይሄዳል፣ ዕቃውን ያገኛል፣ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ከዚያ እንደነበረ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ጨዋታው የተወለደው አሜሪካ ነው። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለተራው ሰው የሚደርሰውን የጂፒኤስ (ቦታን በሳተላይት የሚያሳውቅ ሥርዓት) ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ማዛባቱ ቆመ። ወዲያው ሚያዝያ 25 ቀን ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ግዛት ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና ኮኦርዲኔቱን በኢንተርኔት አሳወቀ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተደበቁ ዕቃዎች አሉ።

ሚያዝያ 25 ለወሎ ሰው ባዕድ ቀን አይደለም። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ ቀን፣ እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ኋላ እመለስበታለሁ።

ስልካችሁን አዘጋጁ

ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይበቃል። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ይመስለዋል። ይሠራል። ስልኩ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት የሚልከው ነገር የለም። ሲም ካርድ እንኳ አይፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ የካርታ አፕ፣ ለምሳሌ ኦርጋኒክ ማፕስን፣ ጫኑና የአካባቢያችሁን ካርታ አውርዱ። ከከተማ ወጣ ሲባል ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። የጨዋታው ዋና አፕም ጂኦካቺንግ ይባላል፤ በነፃ መመዝገብ ይቻላል። ፓወር ባንክ ያዙ። ጂፒኤስ ባትሪ ይበላል።

ቁጥሩን ማንበብ ተለማመዱ

ደሴ በግምት ሰሜን 11° 08′፣ ምሥራቅ 39° 38′ ላይ ናት። ይህችን አኃዝ በቃላችሁ ያዙ። የጻፋችሁት ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ያጋጥማሉ። አንደኛው ቦታ መቀያየር ነው። 11 እና 39ን ብታገላብጧቸው ካርታው ከወሎ አውጥቶ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ምሥራቅ ይጥላችኋል። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው፤ ቅርብ ስለሚመስል አይታወቅም። አንዳንድ አፕ ቦታውን በዲግሪ ብቻ ይጽፋል፣ ለምሳሌ 11.133። ጂኦካቺንግ ግን ዲግሪና ደቂቃ ነው የሚጠቀመው፤ እዚህ ደቂቃ የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነው። ለመቀየር ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 አባዙት። 0.133 በ60 ሲባዛ 7.98 ይሆናል። ስለዚህ 11° 07.980′ ማለት ነው። ይህን ሳያስተውል 11° 08′ን «11.08» ብሎ ያስገባ ሰው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። በእኛ ተራራ 6 ኪሎ ሜትር ቀላል አይደለም።

ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ይጻፋል። የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ስትቀየር ቦታው በ2 ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል።

ከመደበቅ በፊት መፈለግ

ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ሳትፈልጉ አትደብቁ። አፑ ላይ በአቅራቢያችሁ ዕቃ ከሌለ ጓደኛችሁ ይደብቅላችሁ፤ እናንተም ለእሱ። ለልምምድ የማንም ማጽደቅ አያስፈልግም።

ስልኩ እስከ ቦታው ድረስ ያደርሳል፤ ዕቃው ላይ ግን እጃችሁን አያኖርም። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ነው። ገደል ሥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ውስጥ ግን ምልክቱ ከቋጥኝ ላይ እየነጠረ ይመጣል፣ ስሕተቱም ይበዛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቆማችሁ ሞክሩት፤ ፍላጻው ወዲያና ወዲህ ይላል። እንዲህ ሲሆን አሥር ሜትር ሲቀራችሁ ስልኩን ኪስ ክተቱና ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ሰው የደረደረው ድንጋይ ዝናብ ካንከባለለው ድንጋይ ይለያል።

ካጣችሁትም «አላገኘሁም» ብላችሁ መዝግቡ። ነውር አይደለም። ለደበቀው ሰው ትልቅ መረጃ ነው፤ ዕቃው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ከመደበቃችሁ በፊት ተናገሩ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው።

በሌላ አገር የጨዋታው ግማሹ ጥበብ ከመንገደኛ ዓይን መሰወር ነው። ማንም ሳያይ ዕቃውን ማውጣት፣ ማንም ሳያይ መመለስ። ወሎ ውስጥ ይህ አይሆንም። አንደኛ፣ ማንም የማያይበት ቦታ የለም። ባዶ በመሰለ ተራራ ላይ ሁልጊዜ አንድ እረኛ አለ። ሁለተኛ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ገብቶ ነበር። ሜዳ ላይ የተገኘ የማይታወቅ ዕቃ ልጅ ሊያሳጣ እንደሚችል ሰው ያውቃል።

እኔ ይህን ሳላስብ የመጀመሪያዬን ዕቃ ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር፣ እርከን ድንጋይ መሐል አስገባሁት። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ በሲባጎ አስሬው ነበር። በሁለተኛው ቀን ለማየት ስሄድ ስድስት ሰባት ሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። አንድ አባት በዱላቸው ልጆቹን እየከለከሉ ነው። ግማሹ «ፈንጂ ነው» ይላል፣ ግማሹ «መተት ነው» ይላል። ቀርቤ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ፣ ፈትቼ አሳየሁ። ልጆቹ ሳቁ። አባት ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ብትነግረን እኮ እንጠብቅልህ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልናገር አስቀምጬ አላውቅም። እናንተም እንዲህ አድርጉ። መሬቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የግል ከሆነ ባለቤቱን፣ የወል ከሆነ ቀበሌውንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አናግሩ። የጨዋታው ሕግም ቢሆን የባለ መሬት ፈቃድ ይጠይቃል። ስትሄዱ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አትግቡ። ሰላም በሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ጠይቁ፣ ቡና ከተፈላ ቁጭ በሉ። ከዚያ ዕቃውን ከፍታችሁ አሳዩ፦ «አባባ፣ ይህ ጨዋታ ነው። ሰው ከሩቅ መጥቶ ይፈልገዋል፣ ይፈርምና ይመልሰዋል።» የሚያሰጋ ነገር ካለ እነሱ ይነግሯችኋል። እረኞቹንም አትርሱ። ቦታውን አሳይታችሁ «ጠባቂው አንተ ነህ» ያላችሁት ልጅ ዕቃውን ከማንም በላይ ይጠብቃል።

ቦታ ስትመርጡ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ቅጥር፣ መቃብር፣ ጸበል፣ ሰው የሚሰበሰብበት የአድባር ዋርካ አይሁን። የጦር ካምፕ፣ ድልድይና የመብራት ኃይል ተቋም አጠገብም አይቀመጥም። ፈላጊዎችም ይህን ልብ በሉ፦ የማታውቁት ብረት ነገር ካያችሁ አትንኩ። ያያችሁበትን ቦታ ያዙ፣ ሰው አርቁ፣ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ አሳውቁ።

ዕቃውን ማዘጋጀት

በውጭ አገር የጥይት ሳጥን ተወዳጅ ነው፤ ውሃ አያስገባም። እዚህ በፍጹም አትጠቀሙበት። ውስጡ የሚታይ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ዕቃ ይሻላል። ባዶ የለውዝ ቅቤ ዕቃ ጥሩ ነው። ሽታው እስኪጠፋ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ አለዚያ ጅብ ወይም ዝንጀሮ ይወስደዋል። በዚሁ ምክንያት ምግብ አይገባበትም። መጠጥ፣ መድኃኒት፣ ስለት፣ ክብሪትም እንዲሁ።

ውስጡ ትንሽ ደብተርና እርሳስ አድርጉ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ሲገባ ቀለሙ ይፈስሳል። ደብተሩን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ክተቱት። ላዩ ላይ በትልቁ በአማርኛ ጻፉ፦ «ይህ የጂኦካቺንግ ጨዋታ ዕቃ ነው። አደጋ የለውም። የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።» ሰፊ ዕቃ ከሆነ ለመለዋወጫ ብይ፣ ቁልፍ መያዣ፣ የቆየ ሳንቲም ጨምሩ። ደንቡ ቀላል ነው፦ አንድ ከወሰድክ የሚመጥነውን ወይም የሚበልጠውን ተካ። ክታብና መስቀል የመሰለ ነገር አታስገቡ፤ ለአንዱ ጌጥ የሆነው ለሌላው ሌላ ትርጉም አለው።

መቆፈር ክልክል ነው። የአልመር ባልዲ በከፊል ተቀብሮ ነበር፤ ዛሬ ግን ሕጉ አይፈቅድም። ድንጋይ ሥር፣ የዛፍ ሥር መሐል፣ የፈረሰ ካብ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የገበሬውን እርከን ግን አትነቅንቁ።

መለካትና ማሳወቅ

አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትመኑ። ስልኩን ዕቃው ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ጻፉ። ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ራቁና ተመልሳችሁ ድገሙት። ሌላ ቀን ሄዳችሁ እንደገና ለኩ። አማካዩን ውሰዱ። ከዚያ ፍለጋው ምን ያህል እንደሚከብድና መንገዱ ምን ያህል እንደሚያደክም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ። ጦሳ ጫፍ ላይ ያለ ዕቃ የፍለጋው ነጥብ 1፣ የመንገዱ ግን 4 ሊሆን ይችላል።

ዕቃውን ስትመዘግቡ በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ያየዋል። ዕቃችሁ ከሌላው ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። ዕቃውን ማን እንደሚንከባከበው ይጠይቃል። መንገደኛ ጥሎት የሚሄደው ዕቃ አይፈቀድም። ስለዚህ ነው የወሎ ዕቃ በወሎ ልጅ እጅ መሆን ያለበት።

ፍንጭ መጻፍ ለእኔ የጨዋታው ጣፋጭ ክፍል ነው። የእኛ አገር ሰው በእንቆቅልሽ ያደገ ነው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» «ከተማም ነኝ ቅኝትም ነኝ፤ ሰኞ ሰኞ ሰው ይሞላኛል።» ባቲ! ይስማ ንጉሥ ላይ ደግሞ የኮኦርዲኔቱን አንዳንድ አኃዝ ባዶ ትታችሁ በጥያቄ ማስሞላት ትችላላችሁ፦ በውሉ ውስጥ ያጣላው አንቀጽ ስንተኛ ነው? የተፈረመበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ምንድን ናቸው? 17 እና 81 ያለ ሰው ቦታውን ያገኛል።

ዕቃ የሌለው ፍለጋ

መደበቅ የሚያሳስብበት ቦታ ላይ ሌላ መንገድ አለ። ኧርዝካሽ ይባላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጂኦሎጂ ማኅበር ያስጀመረው ነው። ምንም አይቀመጥም። ጎብኚው ቦታው ላይ ደርሶ ስለ መሬቱ አፈጣጠር ለሚቀርብለት ጥያቄ አይቶ ይመልሳል።

ሐይቅ የሚባለው የወሎ ቦታ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ላይ ነው። በፊት ግን ደሴት ነበር። አንዲት የተበደለች ነፍሰ ጡር ተቀምጣበት የነበረው መሬት ብቻ ተርፎ ዙሪያው ውሃ ሆነ የሚል አፈ ታሪክም አለ። ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ደሴቱ እንዴት ከየብስ ጋር ተገናኘ? የድሮው የውሃ ከፍታ የት ድረስ ይመስላችኋል? ጎብኚው ከባሕሩ ዳር ቆሞ ያስባል። ገዳሙ ሴቶች የማይገቡበት ስለሆነ ጥያቄው ሁሉም ከውጭ ሆኖ ሊመልሰው የሚችል ይሁን።

ጓደኛ ማሰባሰብ

ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ ይደብቃል፣ ሁለቱ ይፈልጋሉ፣ በሳምንቱ ይቀያየራሉ። እንደ ዕቁብ ተራ ያዙ። ብቻችሁን ወደ ገደል አትሂዱ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቁ። በየፍለጋው አንድ ባዶ ፌስታል ይዛችሁ በመንገድ ያገኛችሁትን የሃይላንድ ፕላስቲክ ልቀሙ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተጫዋቾችም ይህን ያደርጋሉ። ተገናኝታችሁ ስታወሩ ጠባቂዎቹን እረኞች ጥሩ፣ ከአቦል እስከ በረካ አብራችሁ ጠጡ። ደብተሩን አምጥታችሁ ማን እንደፈረመ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ከክረምቱ በፊት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ክዳኑን እዩ። ከተሰነጠቀ ለውጡት። መስከረም ሲጠባ ተመለሱና ደብተሩን አድርቁ፤ ከሞላ አዲስ አስገቡ፣ አሮጌውን ቤት አስቀምጡት።