የኋላ ዲፈረንሻል ወፍራም ክዳን ከተገጠመለት በኋላ፦ የዘይት ልክ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አብዛኛው የፋብሪካ የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ክዳን ተጨፍልቆ ቅርጽ የወጣለት ስስ ላሜራ ነው። ከባድ ተሳቢ የሚጎትቱ ወይም ድንጋያማ መንገድ የሚያዘወትሩ የአሜሪካ ፒክአፕ ባለቤቶች ይህን ላሜራ አውልቀው፣ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት ወይም አሉሚኒየም የተሠራ ወፍራም ክዳን ይገጥማሉ። መፍታቱና መግጠሙ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ሲሆን ችግሩ የሚመጣው ዘይት ሲሞላ ነው። አገር ቤት የለመድነው ሂሉክስ ግን የአክስሉ (ዲፈረንሻሉን የያዘው ድልድይ) ጀርባ በብየዳ የተዘጋ፣ ኮሮናውና ፒኞኑም (በውስጡ ያሉት ትልቁና ትንሹ ጥርስ) በፊት በኩል የሚወጡ ስለሆኑ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም፤ የሚመለከተው እንደ ፎርድ 8.8 ኢንች ወይም እንደ ዳና 60 ያሉ፣ ከኋላ በብሎን የሚታሰር ክዳን ያላቸውን አክስሎች ነው።

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ ከአንድ ስህተት ይነሣሉ። የዘይቱን ከፍታ የሚወስነው አክስሉ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ በአዲሱ ክዳን ላይ የተበሳውን የመሙያ ቀዳዳ አምኖ ይሞላል።

ምልክት፦ ዘይት በአክስሉ መተንፈሻ (የሞቀ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ) ይወጣል፣ ወይም የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ይረጥባል

ምክንያቱ በብዛት ከልክ በላይ መሙላት ነው። የአንዳንድ ክዳኖች የመሙያ ቀዳዳ ከፋብሪካው ቀዳዳ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ዘይቱ ከቀዳዳው ጠርዝ እስኪፈስ ድረስ ከተሞላ በአክስሉ ቱቦዎች ውስጥ ገብቶ ከጎማው አጠገብ ባለው ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት) ላይ ይተኛል። መኪናው ሲሞቅ ደግሞ ዘይቱም አየሩም ይሰፋሉ፤ ኮሮናው የሚንጠው ትርፍ ዘይትም አረፋ እየሆነ በመተንፈሻው ይወጣል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የግራውን ኦይል ሲል ሁለት ጊዜ ከቀየርሁ በኋላ ነው የዘይቱን ከፍታ ለመለካት ያሰብሁት፤ ሲሉ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

መፍትሄው ትክክለኛውን ከፍታ ከአክስሉ ላይ ማንበብ ነው። በፎርድ 8.8 ላይ የፋብሪካው የመሙያ ቀዳዳ ያለው በክዳኑ ላይ ሳይሆን በአክስሉ አካል ላይ በፊት በኩል ስለሆነ፣ ክዳኑ ቢለወጥም ዳኛው በቦታው አለ፦ የፋብሪካውን ብሎን ፈትቶ ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆሙን በታጠፈ ጣት መዳሰስ ይበቃል። በጂፖች ላይ እንደሚገኘው ዳና 35 ያሉ፣ የመሙያ ቀዳዳቸው በራሱ በክዳኑ ላይ ያለና በጎማ ውታፍ የሚደፈን አክስሎች ግን ክዳኑ ሲወልቅ ልኩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አሮጌው ክዳን ሳይፈታ፣ መኪናው በአራቱም ጎማው ደልዳላ ወለል ላይ እንደቆመ፣ ከአክስሉ ቱቦ የታችኛው ጠርዝ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ያለውን ቀጥ ያለ ከፍታ ለክቶ መጻፍ ይገባል። አዲሱ ክዳን ከተገጠመ በኋላ ያው ልኬት ይደገማል፤ አዲሱ ቀዳዳ ለምሳሌ በ3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ በቀዳዳው አስገብቶ ዘይቱ ከጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆሙ ይረጋገጣል። አሮጌው ክዳን ቀድሞ ከወለቀም መልሶ በቦታው አስደግፎ መለካት ስለሚቻል፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አይጣል።

ትርፉ ዘይት በመምጠጫ ፓምፕ ይወጣል። ኦይል ሲሉ ቀድሞ ከተበላሸ ይቀየራል፤ ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራም ታጥቦ ስለማይድን አብሮ መቀየር አለበት። የዘይቱ ልክ ትክክል ሆኖ እያለ መርጠቡ ከቀጠለ መተንፈሻው በጭቃ ወይም በዝገት መደፈኑን መመርመር ያስፈልጋል፤ መውጫ ያጣ ግፊት ሲሉን ገፍቶ ይወጣልና።

ምልክት፦ በፍጥነት ጉዞ ላይ ያልነበረ የማፏጨት ድምፅ ይሰማል፣ የፒኞኑ አካባቢ ከልክ በላይ ይሞቃል

ይህ የተቃራኒው ስህተት፣ ማለትም የዘይት ማነስ ውጤት ነው። በዲፈረንሻል ውስጥ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ኮሮናው ከታች ዘይቱን እየቀዳ ወደ ላይ ይረጨዋል፣ የተረጨውም በቦይ ወርዶ የፒኞኑን ኩሽኔታዎች ያጠጣል። ከፍታው ሲወርድ ቀድሞ የሚጠማው የፊተኛው የፒኞን ኩሽኔታ ነው።

ስህተቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው በከፍታ ፈንታ በሊትር መሙላት ነው፦ አዲሱ ክዳን ሆዱ ሰፊ ከሆነ የመኪናው መመሪያ ያዘዘው መጠን ቢገባበትም ወለሉን ሞልቶ ከፍታው ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለተኛው ችኮላ ነው። ወፍራም ዘይት፣ በተለይ በብርድ ቀን፣ ወደ ቱቦዎቹ የሚፈሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሙሌት ሙሉ የመሰለው አክስል ጥቂት ከተነዳ በኋላ ጎድሎ ይገኛል። መፍትሄው ሞልቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አቁሞ፣ እንደገና ለክቶ የጎደለውን መጨመር ነው። ከኋላ ብቻ በክሪክ ተነሥቶ የተሞላ መኪና ደግሞ አፍንጫው ስለሚያዘቀዝቅ ንባቡ ሁሉ ሐሰት ነው።

ከፍታው ተስተካክሎም ማፏጨቱ ካልቆመ፣ አዲሱ ክዳን የኩሽኔታ ማቀፊያዎቹን የሚደግፉ ሁለት ብሎኖች ያሉት እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። እነዚህ ብሎኖች ማቀፊያውን ነክተው በጣም በትንሽ ኃይል ብቻ የሚጠብቁ ሲሆኑ፣ እንደ ሌላ ብሎን በጉልበት ከተጠበቁ ኩሽኔታውን ያስጨንቃሉ። ክዳን መቀየር የኮሮናውንና የፒኞኑን ጥርስ አቀማመጥ በሌላ መንገድ አይለውጥም፤ እናም ገና ዘይቱ ሳይለካ ጥርስ እንዲቀየር የሚመክር መካኒክ ካጋጠመ ሌላ መጠየቅ ይሻላል።

ምልክት፦ በክዳኑ ታችኛ ጠርዝ ዘይት ያንጠባጥባል

ምክንያቱ ዘይት ሳይጸዳ የተቀባ የሲልከን ማጣበቂያ፣ ወይም ሲልከኑ ሳይደርቅ የተሞላ ዘይት ነው። ሁለቱም ፊቶች አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆ በፍሬን ማጽጃ መጠረግ አለባቸው፤ በፍቀት ጊዜ ከላይ የሚንጠባጠበውን ዘይት ደጋግሞ መጥረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲልከኑ በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጠኛ በኩል ሳይቋረጥ ዞሮ ይቀባል፣ ብሎኖቹም በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ። ጊዜ ከተገኘ ዘይቱን በማግሥቱ መሙላት ከሁሉ የተሻለ ነው። የብሎኖቹ ርዝመትም ይታይ፦ ክዳኑ ወፍራም ስለሆነ አሮጌዎቹ አጫጭር ብሎኖች ጥቂት ጥርስ ብቻ ይዘው ይመዘዛሉ፤ የረዘሙት ደግሞ የቀዳዳውን ወለል ነክተው የጠበቁ ይመስላሉ፣ ክዳኑ ግን አልተጫነም።

ምልክት፦ ጠባብ ኩርባ ላይ የኋላው ይንቀጠቀጣል፣ ይንገጫገጫል

ዲፈረንሻሉ በውስጡ ፍሪሲዮን (እርስ በርስ የሚፋተጉ ሳህኖች) ያለው የመንሸራተት መገደቢያ ዓይነት ከሆነና አምራቹ የሚያዝዘው ልዩ ጭማሪ ሳይገባ ከቀረ ይህ ይከሰታል። ጭማሪው በታዘዘው መጠን ገብቶ፣ ባዶ ሜዳ ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ ቀስ ብሎ ጥቂት ዙር መንዳት ዘይቱን በፍሪሲዮኖቹ መካከል ያስገባዋል። አክስሉ አስቀድሞ ሙሉ ከነበረ ግን ጭማሪው ከመግባቱ በፊት ያንኑ ያህል ዘይት መቅዳት አይዘንጋ፤ አለዚያ ከላይ ወደተጻፈው የመጀመሪያ ምልክት መመለስ ይሆናል።